ሁለት ሚሊዮን ብር ያለው ማን ነው?

የዚህ ወር ርዕሳችን የተነሣው ከመስጊድ በረንዳ ላይ ነው። የምንኖርባት መራዊ ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ ከጣና ዳሩ ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ከተማ መሆኗን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። እኛም በዚህችው ከተማ ቀን ቀን በትምህርት ቤት ሒሳብ፣ ወደ ማታ ደግሞ በመድረሳ ፊቅህ እናስተምራለን። ሁለቱ ትምህርቶች በአንድ ጥያቄ ላይ ይገናኛሉ ብለን ግን እምብዛም አስበን አናውቅም ነበር።

አንድ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ ጫማችንን ስናጠልቅ አንዲት እናት በሴቶቹ በር በኩል ጠሩን። ባለቤታቸው ከሞቱ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ከሦስቱ የቲም ልጆቻቸው ሁለቱ እኛ ዘንድ ይቀራሉ። ሟቹ ትተውላቸው የሄዱት ሀብት ቢኖር አስፋልቱ ዳር ያለ አንድ የጭቃ ቤት ነው። እሳቸውም በዚያው ቤት እንጀራ እየጋገሩ ይሸጣሉ።

«ኡስታዝ፣» አሉን፤ «የቤት ግብር ሊጨመር ነው ሲባል በሬዲዮ ሰማሁ። ደላላው ደግሞ ይህ ቤትሽ ሁለት ሚሊዮን ያወጣል ይለኛል። እንግዲህ እኔ ሀብታም ነኝ ማለት ነው? ዘካስ ሊኖርብኝ ነው?»

የዘካውን ጥያቄ እዚያው መለስንላቸው። የሚኖሩበት ቤት ዘካ የለበትም፤ እንዲያውም እርስዎ ዘካ ከሚሰጣቸው ወገን ነዎት አልናቸው። የግብሩን ጥያቄ ግን «አጣርተን እንነግርዎታለን» ብለን አሳደርነው። ይህ ጽሑፍ ያ ማጣራት ያመጣው ነው።

አዋጁ ምን ይላል?

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የንብረት ታክስ አዋጅን ያጸደቀው በጥር ወር 2017 ዓ.ም. ነው። ክርክሩ ግን ከዚያ በፊት ነው የጀመረው። በ2015 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር፣ ሕዝቡ «የጣሪያና ግድግዳ» የሚለውን ግብር በአዲስ ተመን ማስከፈል ሲጀምር ብዙ ሰው ደነገጠ። አስተዳደሩ የተመረኮዘው በ1968 ዓ.ም. በወጣው የከተማ ቦታ ኪራይና የከተማ ቤት ታክስ አዋጅ ቁጥር 80 ላይ ነበር። እናት ፓርቲም ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወሰደው። ለካስ የንብረት ታክስ የመጣል ሥልጣን የማን እንደሆነ በሕገ መንግሥቱ በስም አልተጻፈም ነበር። በአንቀጽ 99 መሠረት ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተቀምጠው ሥልጣኑን ለክልሎች ከሰጡ በኋላ ነው የፌዴራሉ አዋጅ ክልሎች የሚመሩበት ሆኖ የወጣው።

አዋጁ የከተማ ንብረትን ይመለከታል። የንብረቱ የገበያ ዋጋ ይገመትና ታክስ የሚሰላው ከዚያ ግምት 25 በመቶ በሆነው ላይ ነው። በመሬት የመጠቀም መብት ላይ ከ0.2 እስከ 1 በመቶ፣ በሕንፃ ላይ ከ0.1 እስከ 1 በመቶ ይጣላል። በዚህ ወሰን ውስጥ ትክክለኛውን ልክ የሚቆርጡት ክልሎች ናቸው።

የሒሳብ አስተማሪ ነንና ይህን በቁጥር ካላየነው እንቅልፍ አይወስደንም። የእናታችንን ቤት እንውሰድ። ደላላው ሁለት ሚሊዮን ያለው ጭቃውን አይቶ አይደለም፤ ቦታውን ነው። ስለዚህ ለምሳሌ ያህል ቦታውን 1,500,000፣ ቤቱን 500,000 ብር እንበለው። የቦታው ሩብ 375,000፣ የቤቱ ሩብ 125,000 ይሆናል። በዝቅተኛው ልክ ለቦታው 750፣ ለቤቱ 125፣ በድምሩ 875 ብር በዓመት ይከፍላሉ። በከፍተኛው ልክ 3,750 እና 1,250፣ በድምሩ 5,000 ብር። በከተማ ባለ ሕንፃዎች ዘንድ አምስት ሺህ ብር የአንድ ቀን ወጪ ሊሆን ይችላል። እንጀራ በሚሸጥበት ቤት ግን አምስት ሺህ ብር የጤፍና የማገዶ ገንዘብ ነው።

አዋጁን የሚደግፉ ወገኖች የሚሉት ከንቱ አይደለም፤ እኛም ልናቃልለው አንሻም። የኢትዮጵያ መንግሥት የሚሰበስበው ግብር ባለፉት ዓመታት ከአገሪቱ አጠቃላይ ምርት 10 በመቶ እንኳ ሳይሞላ ቆይቷል። ከተሞች መንገድና ውሃ ይጠየቃሉ፤ የራሳቸው የሆነ ገቢ ግን ትንሽ ነው። መንግሥት በሕዝብ ገንዘብ አስፋልት ሲዘረጋ በመንገዱ ዳር ያለው ቦታ ዋጋው ይንራል፤ ባለቦታው ምንም ሳይለፋ ይከብራል። ከዚህ ትርፍ ትንሽ ለከተማው ይመለስ ቢባል በደል አይመስለንም።

የሚቃወሙት ደግሞ ወቅቱን ያነሣሉ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የቤት ዋጋ ቢወጣም የባለቤቱ ኑሮ አልወጣም። ቤቱ ያው ቤት ነው፤ የረከሰው ብሩ ነው። በኛ ክልል ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በተነሣው ግጭት ገበያ ተዘግቷል፣ ትምህርት ቤት ተዘግቷል። መራዊ በጥር 2016 ዓ.ም. ያየችውን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እዚህ መዘርዘሩን አንችለውም። ከዚያ በኋላ ቤት ለመገመት የሚመጣ ሰው በር ሲያንኳኳ የሚሰማው ድምፅ የግብር ድምፅ ብቻ አይደለም።

ገማቹን መፍራት አዲስ አይደለም

የጎጃም ሰው ገማችን የፈራው ዛሬ ብቻ አይደለም። በ1960 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የቀድሞውን አሥራት የሚተካ የእርሻ ገቢ ግብር አወጀ። ሐሳቡ በወረቀት ላይ ሲታይ ክፉ አልነበረም፤ ብዙ ያመረተ ብዙ፣ ጥቂት ያመረተ ጥቂት ይክፈል ነው። ገበሬው ግን ገማቾቹ ሲመጡ ያየው ሌላ ነው። ዛሬ ምርቴን የገመተ ነገ መሬቴን ይለካል፤ መሬቴን የለካ ከነገ ወዲያ ርስቴን ይወስዳል አለ። አመጹ በጎጃም ተስፋፋ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሡ፤ ንጉሠ ነገሥቱም የግብሩን ውዝፍ ማሩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ እናስገባ። በዚያ አመጽ ጊዜ የሙስሊሙ አያቶቻችን ጭንቀት ርስት አልነበረም፤ በአብዛኛው ርስት አልነበራቸውማ! በጎጃምና በሌላውም የደጋው አገር ሙስሊሙ ሸማኔና ነጋዴ ሆኖ የኖረው መሬት ስለተነፈገው ነው። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሞችና አብረዋቸው የወጡ ክርስቲያን ወንድሞች አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ ሲወጡ ካነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ የመሬት መብት ነበር። የገጠር መሬት በ1967 ዓ.ም. ሲታወጅ ብዙ ሙስሊም ገበሬ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያርሰውን መሬት አገኘ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ ነግዶ አንድ ሁለት የኪራይ ቤት የሠራው ነጋዴ ቤቱን አጣ። ስለዚህ ብዙ ቤተሰብ ዘንድ «ቤት አለኝ» ማለት ከፍርሃት ጋር የሚነገር ቃል ነው። ዛሬም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው። «የእኔ ባልሆነ ቦታ ለምን እከፍላለሁ?» የሚለው ጥያቄ ከዚህ የመጣ ነው። አዋጁ መሬቱን ሳይሆን በመሬቱ የመጠቀም መብቱን እቀርጣለሁ ይላል። መልሱ ለሕግ ባለሙያ ያጠግብ ይሆናል፤ ለእናታችን ግን ብዙም አላጠገባቸውም።

ዘካ የሚጠይቀው ሌላ ነው

አሁን ወደ ሁለቱ ሚሊዮን እንመለስ። ከእናታችን ቤት ጥቂት ዝቅ ብሎ የአንድ ሐጂ ሱቅ አለ። ሱቁ የተከራዩት ነው። በውስጡ ስኳር፣ ዘይት፣ ጨው፣ ሳሙና፣ ጨርቅ ሞልቷል፤ በባንክም ገንዘብ አላቸው። የዕቃውና የገንዘቡ ድምር፣ ዕዳ ተቀንሶ፣ ልክ እንደ እናታችን ቤት ሁለት ሚሊዮን ብር ነው እንበል። ለነጋዴው ምሥጢር ስንል ቁጥሩ የኛ ምሳሌ ነው።

በንብረት ታክስ ሕግ ሐጂው ለዚህ ሁለት ሚሊዮን ምንም አይከፍሉም፤ ቤት አይደለምና። በንግድ ትርፋቸው ላይ ሌላ ግብር እንደሚከፍሉ እናውቃለን፤ የምንናገረው ስለ ሀብቱ ነው። በሸሪዓ ግን ሀብቱ ኒሷብ ከሞላ፣ ማለትም ከ85 ግራም ወርቅ ዋጋ ካላነሰ፣ የጨረቃ ዓመት ሲዞርበት 2.5 በመቶ ይወጣል። የሁለት ሚሊዮን 2.5 በመቶ 50,000 ብር ነው። እናታችን በአንጻሩ ዘካ የለባቸውም። አንድ ዓይነት ቁጥር ያላቸው ሁለት ሰዎች! አንዱ መለኪያ ከእንጀራ ሻጯ እስከ 5,000 ብር ይወስዳል፤ ሌላው መለኪያ ከሐጂው 50,000 ብር ወስዶ ከፊሉን ለእንጀራ ሻጯ ሊሰጥ ይችላል።

ልዩነቱ የመጣው ሁለቱ መለኪያዎች ከሚጠይቁት ጥያቄ ነው። የንብረት ታክስ «ከምን ጣሪያ ሥር ትቀመጣለህ?» ይላል። ዘካ ግን «ምን አተረፈልህ? ምንስ ዓመት ሙሉ በእጅህ አደረ?» ብሎ ይጠይቃል። የሚኖሩበት ቤት፣ የሚለብሱት ልብስ፣ የሚሠሩበት መሣሪያ አይቆጠርም። የሐጂው መደርደሪያና ሚዛን እንኳ አይቆጠርም፤ በሚዛኑ የሚመዘነው ስኳር ይቆጠራል። ገበሬም ቢሆን እንዲሁ ነው። በከተማችን አጠገብ በቆጋ ግድብ የሚለማው መሬት 7,000 ሄክታር ተብሎ የታቀደ ነው፤ ስንዴው፣ ድንቹ፣ ሽንኩርቱ ከዚያ ይመጣል። በዝናብ የበቀለ እህል ኒሷቡን፣ ማለትም ወደ ስድስት ኩንታል ተኩል ገደማ፣ ሲሞላ አንድ አሥረኛው ይወጣል። በድካምና በወጪ በመስኖ የጠጣ ከሆነ ግን አንድ ሃያኛው ብቻ ነው። ሸሪዓ የገበሬውን ላብ ከሒሳቡ ቀንሶለታል ማለት ነው። የ1960 ዓ.ም. ገማቾች ይህን ያህል አስበው እንደሆነ አላህ ያውቃል።

የሚታየውና የማይታየው

የፊቅህ ሊቃውንት ሀብትን ለሁለት ይከፍሉታል፤ አምዋል ዛሂራና አምዋል ባጢና። ዛሂራ የሚታየው ነው፤ ከብቱ፣ እህሉ። ባጢና የተሰወረው ነው፤ ወርቁ፣ ገንዘቡ፣ በመጋዘን ያለው ሸቀጥ። በነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመንና ከዚያም በኋላ ሰብሳቢዎች ወደ ከብቱና ወደ እህሉ ይላኩ ነበር። ሀብቱ በዝቶ ሲሰወር ግን በሦስተኛው ኸሊፋ በዑስማን (ረ.ዐ.) ዘመን የተሰወረው ሀብት ዘካ ለባለቤቱ አማና ተተወ። የሰውን ሣጥንና ጓዳ መበርበር ሌላ በደል ያመጣልና።

የዛሬው የንብረት ታክስም የተጣለው በሚታየው ላይ ነው። ቤት አይሮጥም። ወርቅ ይሮጣል፤ ዶላር ይሮጣል፤ አክሲዮን በሰው ስም ያድራል። በሌላውም ዓለም የሆነው ይኸው ነው። በ1990 እ.ኤ.አ. በበለጸጉት አገሮች ማኅበር ውስጥ 12 አገሮች በጠቅላላ ሀብት ላይ ዓመታዊ ግብር ነበራቸው። አብዛኞቹ ትተውታል፤ ኖርዌይ፣ ስዊዘርላንድና ስፔን ከጸኑት ናቸው። ፈረንሳይ በ2018 እ.ኤ.አ. የሀብት ግብሯን ስትሰርዝ የተወችው የቱን ነው ቢሉ፣ በቤትና በመሬት ላይ ያለውን ብቻ! ብራዚልም በ2024 እ.ኤ.አ. የቡድን 20 አገሮችን ስትመራ ቢሊየነሮች ከሀብታቸው 2 በመቶ ያህል እንዲከፍሉ ሐሳብ አቅርባ ነበር፤ ስምምነት ግን አልተደረሰበትም።

ለዘካ ቢሆን ሰው እንዲህ አያደርግም ትሉን ይሆናል። ያደርጋል። የፓኪስታን መንግሥት በ1980 እ.ኤ.አ. ባወጣው ድንጋጌ ባንኮች በረመዷን መጀመሪያ ቀን ከቁጠባ ሒሳብ ላይ 2.5 በመቶ ለዘካ እንዲቀንሱ አዘዘ። ታዲያ ብዙ ሰው በሻዕባን መጨረሻ ገንዘቡን ከባንክ ማውጣት ለመደ። ሶላቱን የሚሰግድ፣ ጾሙን የሚጾም ሰው ነው ይህን የሚያደርገው። ማሌዢያ ሌላ መንገድ መረጠች፤ ሰው የከፈለውን ዘካ ከገቢ ግብሩ ላይ ይቀንስለታል። በኛ አገር እንዲህ ያለ አሠራር የለም።

«ለመንግሥት ግብር ከፍያለሁና ዘካ ወርዶልኛል» የሚል ወንድም በየቦታው አይጠፋም። አብዛኞቹ ዑለማዎች ይህን አይቀበሉም፤ ዘካ ዒባዳ ነው፣ ኒያ ይሻል፣ ተቀባዮቹም በቁርኣን በሱረቱ ተውባ የተዘረዘሩት ስምንት ወገኖች ናቸው። በተቃራኒው ደግሞ «ከዘካ ሌላ ግብር ሁሉ ሐራም ነው» የሚልም አለ። ይህም ልክ አይደለም። እነ ኢማም አል ገዛሊና አሽ ሻጢቢ በይተል ማሉ ባዶ ሲሆንና የሕዝብ ፍላጎት ሲያስገድድ ገዥው ከሀብታሞች ላይ ሊጥል እንደሚችል ጽፈዋል። ግን በሸርጥ ነው። በ658 ዓመተ ሂጅራ ሞንጎሎች ወደ ግብፅ ሲገሠግሡ ሱልጣን ቁጡዝ የጦር ወጪ ከሕዝቡ ሊሰበስብ ዑለማዎችን አማከረ። ዒዝ ኢብኑ ዐብዲሰላም የመለሱለት መልስ በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ የታወቀ ነው፤ በቅድሚያ አሚሮቹ የያዙት ወርቅና ጌጥ ይውጣ፣ እናንተና ተራው ወታደር እኩል ስትሆኑ ያኔ ከሕዝቡ መውሰድ ይቻላል አሉ። ጦሩም ዘምቶ በዐይን ጃሉት ድል አደረገ።

ይህን ታሪክ በበረንዳው ላይ ስንናገር ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። መንግሥትን የሚመለከት ስለሆነ ደስ ብሏቸው ነበር። ጥቂት ቆይተን «ዘንድሮ ዕቃውን ቆጥሮ ዘካ ያወጣ ማን ነው?» ብለን ስንጠይቅ ግን ጸጥታ ሆነ። አንዱ «እኔ በግምት አወጣለሁ» አለ። ሌላው በረመዷን ለሚመጣ ምስኪን ሁሉ አሥር አሥር ብር እሰጣለሁ አለ። የመንግሥት ገማች ያበዛብናል ብለን ስንጮህ እኛው የራሳችን ገማቾች ሆነን ለራሳችን እንዴት እንደምናሳንስ ያኔ ታየን። እኛም ከዚህ ውጭ አይደለንም። የባለቤታችን ወርቅ ዘካ አለበት ወይስ የለበትም የሚለውን የመዝሀብ ልዩነት አንስተን ሦስት ዓመት ሙሉ አንድም ጊዜ ወርቅ ቤት ሄደን አላስመዘንነውም።

ለእናታችን የሰጠነው መልስ

ከዚያ በኋላ እናታችን ቤት ሄደን ስሌቱን በወረቀት አሳየናቸው። 875 ብር የሚለውን ሲያዩ ትንሽ ተነፈሱ፤ 5,000 የሚለውን ሲያዩ ዝም አሉ። «የትኛው ነው የሚሆነው?» አሉን። ልኩን የሚቆርጠው ክልሉ ነው፣ ምክር ቤቱም ባሕር ዳር ነው አልናቸው። እኛ በበኩላችን ሰሚ ካለ የምንለው ግልጽ ነው። ባለቤቱ ራሱ የሚኖርበት አንድ ቤት፣ ገቢ ከሌለው ሰው ላይ በየዓመቱ በጥሬ ገንዘብ አይጠየቅ፤ የግድ ከተባለም ቤቱ እስኪሸጥ ወይም እስኪከራይ ይቆይ። የተሸጠ ጊዜ ገንዘቡ በእጅ አለና ይከፈል። ከሁለትና ከሦስት ቤት በላይ ያለው፣ ቦታ አጥሮ ዋጋ የሚጠብቅ ሰው ግን ቢከፍል ከልባችን እንደግፋለን። ይህን የጻፈ ማመልከቻ ቢዞር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ጎረቤት የሚፈርምበት ነው፤ የእንጀራ ሻጭ ቤት በሁለቱም ወገን አለ።

የታችኛው ሱቅ ሐጂም በበረንዳው ጸጥታ ጊዜ ነበሩ። ከሳምንት በኋላ «መምህር፣ እስኪ ልጆችህን ይዘህ ናና ቁጠሩልኝ፤ ዓይኔ ደክሟል» አሉን። አምስት ተማሪዎች ይዘን ሄድን። ዕቃው በዕለቱ የገበያ ዋጋ ተጻፈ፤ በዱቤ የወጣውና እንደሚመለስ የሚታመነው ተደመረ፤ የሐጂው ዕዳ ተቀነሰ። የጨው ጆንያ ከጀርባ ተደብቆ ተገኘና ሳቅ ሆነ። ጸሐፊው የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የሆነው የእናታችን የበኩር ልጅ ነበር። ሲጨርስ ወረቀቱን አጥፎ ለሐጂው ብቻ ሰጣቸው፤ እኛም እንዲያ አድርግ ብለነው ነበር።

ሐጂው መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩት። «ሁለት ተኩል በመቶውን ደግመህ አስላልኝ» አሉት።

ልጁ እዚያው ቆሞ ደግሞ አሰላው። ያው ነበር።